የሽመላው ክታብ

የወረታ መናፈሻ፣ መናፈሻ ለመባል ገና ብዙ ይቀረዋል። ሦስት ረድፍ ችግኝ፣ ቀለማቸው የለቀቀ አራት የሲሚንቶ ወንበሮች፣ ሻይና ለስላሳ የሚሸጥባት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ፣ ከኋላ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ዓይን እስኪደክም ድረስ የሩዝ ማሳ ነው። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤት መዋል ስለማልወድ፣ ጉልበቴም ከዚህ በላይ ስለማያስኬደኝ፣ አጥሩ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን በሆዴ እያማሁ አመሻለሁ። ያችን ወንበር የከተማው ሰው ሁሉ የእኔ መሆኗን ያውቃል።

መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ወንበሬን ተማሪዎች ወረሩብኝ። ወፍ ሊያዩ ነው የመጡት። ደሳለኝ የሚባል ጸጉሩን ያንጨበረረ ወጣት የባዮሎጂ መምህር፣ በሦስት እግር የቆመ የሩቅ ማያ መነጽር አጥሩ ሥር ተክሎ፣ ወደ ሰሜን ከመሄዳቸው በፊት ማሳው ላይ ያረፉትን ወፎች ልጆቹን አሰልፎ ተራ በተራ ያሳያል። ፊቴን አጥቁሬ ዳር ላይ መቆሜን አይቶ ይሁን አዝኖልኝ እንጃ፣ «እማማ፣ ይምጡ፣ እርስዎም ይዩ» አለኝ። እኔም እምቢ ማለት እየፈለግሁ ጎንበስ አልሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ ነበር ያየሁት። ቀጥሎ አንድ ሽመላ ድንገት አፍንጫዬ ሥር መጥቶ ቆመ፤ አካሉ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ረጃጅም እግሮቹ ቀይ፣ ከአንደኛው እግሩ ላይ ደግሞ ቀለበት የመሰለ ነገር ታስሯል። ቀና ስል እጄ አንገቴ ላይ ነበር፤ መቼ እንደሄደ አላወቅሁትም።

ያደግሁት ከዚህ ብዙም በማይርቅ፣ ርብ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር በተሰበሰበች መንደር ውስጥ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፣ ረፋዱን ያስተምራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው በመቃ ብዕር ብራና ላይ ይጽፋሉ። መጻፉ ዓይናቸውን በልቶት ነበር። አፍንጫቸው ሥር ያለውን ነገር ከማንም አጥርተው ያያሉ፤ ከክንዳቸው ርቀት ያለፈው ሁሉ ግን ጉም ነው። አንድ ጊዜ ደጃችን ላይ የታሰረችውን የእንግዳ በቅሎ ጎንበስ ብለው «እንዴት ሰነበቱ» ሲሏት እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸው ግን ሳይደነግጡ «እሷም ብትሆን እንግዳ ናት» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ከእኔ ጋር ብዙ አያወሩም ነበር። እኔም «አባባ፣ እርስዎ» እያልሁ ከሩቅ አከብራቸዋለሁ እንጂ እላያቸው ላይ አልጫወትም። ልጄ ሲሉኝ ሰምቼ አላውቅም፤ «አንች» ነኝ። «አንች፣ ውኃ አምጭ። አንች፣ ቀለሙን አማስይ።» ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው፣ ጥቁርና ቀይ። ጥቁሩ ለሁሉ ነገር ነው፤ ቀዩ ግን ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ብቻ ስለሆነ አንዲት ጠብታ እንኳ ብደፋ ቤቱ ይናወጣል። አንድ ጊዜ በቀዩ ቀለም የአሻንጉሊቴን ከንፈር ቀብቼ ለሳምንት ያህል አኩርፈውኛል።

ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለት እህቶቼ ጡት ሳይጥሉ ነው የሞቱት። ስለዚህ እኔ ስወለድ እናቴ አንድ ጆሮዬን ብቻ ወግታ የብር ጉትቻ አደረገችልኝ፤ አባባ ደግሞ ክታብ ጻፉልኝና በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ አንገቴ ላይ ታሰረ። ሞት ሲመጣ፣ ይችስ የሰው አደራ ናት ብሎ እንዲያልፈኝ ነው ትለኝ ነበር እናቴ። ክታቡን ማውለቅ ክልክል ነው፤ መክፈትማ ጭራሽ አይታሰብም። እኔም በዓለም ላይ አንድ ጉትቻና አንድ ክታብ ያለው ሰው ሁሉ ወንድም እህቶቹ የሞቱበት ብቸኛ ልጅ እንደሆነ አድርጌ አምን ነበር፤ በሰፈራችን እንዲህ ያልሆነ አላየሁማ።

ያን ጊዜ ሜዳው እንደዛሬው ሩዝ ብቻ አልነበረም። ጎርፉ ሲሸሽ ጥቁሩ ዋልካ መሬት እርጥበቱን ይዞ ይቀራል፤ በዚያ እርጥበት ብቻ ሽምብራው ይበቅላል። ሽምብራው ሲያፈራ ወፉ ሁሉ ይመጣል፤ ሽምብራውን ከወፉ የመጠበቁ ሥራ የእኔ ነበር። በአራት ግንድ ላይ የቆመች ማማ ላይ እወጣና ወንጭፌን እያጮህሁ እውላለሁ። የኛ ሜዳ ድንጋይ ስለሌለው ለወንጭፉ ጠዋት ጠዋት ጭቃ እያድበለበልሁ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ፤ ለዚህ ሥራ የነበረኝን ትጋት ለፊደል ቢኖረኝ ዛሬ ጳጳስ እሆን ነበር፣ ሴት ባልሆን። አባባ ያዘዙኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። ዝዩን አባሪ፣ ቁራውን አባሪ፤ ሽመላን ግን አትንኪ። ሽመላ ሽምብራ አይበላም፤ ፌንጣና እንቁራሪት ነው የሚለቅመው። «ኸሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው» አሉኝ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ሁዳዴ ገብቶ ሽምብራውም አብዛኛው ተነቅሎ፣ ማማዬ ላይ የምጠብቀው ነገር አጥቼ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ሽመላ ከፊቴ ሲንጎማለል አየሁ። ወንጭፌ እስከዚያ ይደርስ እንደሆነ ለማየት ነበር የወረወርሁት ብል ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ክፋትም ነበረበት፤ አረማመዱ አናድዶኝ ነበር፣ የማይቸኩል፣ ማንንም የማይፈራ አረማመድ። ጭቃው ደረሰ። ክንፉ ላይ ፍርክስክስ ሲል እማማው ላይ ሆኜ ታየኝ፤ ሌሎቹ ብን ብለው ሲነሱ እሱ አንድ ክንፉን እየጎተተ መሮጥ ጀመረ።

ከማማው ዘልዬ ወርጄ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝሁት። አውራ ጣቴን ነክሶኛል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። እግሮቹን ልይዝ ስል ነው ያየሁት። አንደኛው እግሩ ላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ታስሯል፤ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ጽሕፈት አለ። ጆሮዬን ዳበስሁ፣ አንገቴን ዳበስሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ይህ ወፍ ወንድሞቹ የሞቱበት ነው። እናቱ በሩቅ አገር ደብተራ ፈልጋ፣ አልቅሳ፣ ክታብ አስራለታለች፤ እኔ ደግሞ የአንድ እናት አንድ ልጅ መትቼ ጥያለሁ። በዚያ ላይ ሽመሎቹ መጋቢት ሲጋመስ መሄድ እንደሚጀምሩ አውቃለሁ። እስከዚያ ካልዳነ ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ ክረምት ይመጣል፣ ርብ ይሞላል።

እናቴ ቀለበቱን ስታይ መደቡ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «እሱም የእናት ልጅ ነዋ!» ብላ አለቀሰች። ለወፉ ብቻ እንዳላለቀሰች የገባኝ እኔ ራሴ ከወለድሁ በኋላ ነው።

አባባ የወፉን እግር አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ቀለበቱን እያዟዟሩ ብዙ ቆዩ። «የኛ ፊደል አይደለም» አሉ። «ግን ሲጽፈው እጁ አልተንቀጠቀጠም።» ከዚያ ማን እንደመታው ጠየቁ። ነገርኋቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ስጠብቅ፣ ቃላቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«አንች ኻቆሰልሽው አንችው ታድኝዋለሽ።»

እናቴ ክንፉን በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ አሰረችለት፤ ምግቡ ግን የእኔ ኃላፊነት ሆነ፤ ጥፋትም የሠራሁት እዚያ ላይ ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ክታብ ያሰረ ወፍ ደግሞ ክርስቲያን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ የሽምብራ ንፍሮ አቀረብሁለት። አየኝ፤ አልበላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም መስሎኝ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ እንደገና አቀረብሁ። አሁንም አልበላም። በሁለተኛው ቀን ትጋቱ እጅግ ገረመኝ፤ ከእናቴ ተደብቄ ጠዋት ቆሎ የምቆረጥም እኔ በራሴ አፈርሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አንገቱን መሸከም አቃተው። እየተነፋረቅሁ አባባ ዘንድ ሮጥሁ።

«አባባ፣ ወፉ ጾሙን አልፈታም አለ!»

ከብራናው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። የጺማቸው ጫፍ ሲንቀሳቀስ አስተውያለሁ፤ ያን ጊዜ ጸሎት መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ሳቅ ነው። «ጾም ለሰው ነው የተሠራው» አሉና ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

አባቴን በሕይወቴ ከዚያን ቀን አብልጬ የወደድሁበት ቀን የለም። መሪጌታው፣ ጥምጥማቸው እንደተጠመጠመ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንደሩ በታች ካለው ቦይ ውስጥ ገብተው እንቁራሪት ያድናሉ። ስለማያዩ አፍንጫቸው ውኃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔ ዳር ቆሜ «በቀኝዎ! ኧረ በግራዎ! አሁን ኸእግርዎ ሥር!» እያልሁ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ዘፍ ብለው ጭቃ ይዘው ይነሣሉ። ጎረቤታችን አያ ታደገ በሬዎቹን ውኃ አጠጥቶ ሲመለስ ይህን አየና ደርቆ ቀረ።

«መሪጌታ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«እንግዳ አለብኝ» አሉ አባባ ሳይቀኑ። «ለእንግዳዬ የሚሆን ፍለጋ ነው።»

ወሬው በሁለተኛው ገበያ ይፋግ ከተማ ደረሰ። መሪጌታ ቤት እንቁራሪት የሚበላ እንግዳ ገብቷል፣ ፈረንጅ ነው ተባለ፤ ይህም ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። አባባ ስለ ወሬው አንድም ቀን ቃል አልተናገሩም፤ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሱሪያቸውን ይጠቀልላሉ።

ወፉ በላ፣ ዳነ፣ ጠገበ። ግቢያችን ውስጥ እንደ ጭቃ ሹም ይዘዋወር ጀመር፤ ዶሮዎቹ መንገድ ይለቁለታል። አባባ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ምንቃሩን እያንቋቋ ያጅባቸዋል። «ኸዚህ የከፋ ድምፅ ያለው ስንት ደቀ መዝሙር አስተምሬያለሁ» አሉ አንድ ቀን። በዚያው ሰሞን ወፉን እንድይዝላቸው አዘዙኝና፣ ትንሽ የብራና ቁራጭ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት አንድ በአንድ ገለበጡት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያዥው» ብቻ ነው ያሉኝ። በማግስቱ ደግሞ የክታቤ ቆዳ አርጅቷል ብለው በገዛ እጃቸው ከአንገቴ አወለቁት፤ ያን ቀን አንገቴን ሲበርደኝ ዋለ። አዲስ ቆዳ ተሰፍቶለት ሲመለስ ከድሮው ወፍሮ ነበር። ይኮሰኩሰኛል ብዬ አለቃቀስሁ። «ይለምድሻል» አሉ።

መጋቢት ተጋመሰ። ሽመሎቹ ረፋድ ረፋድ ላይ ርብ ዳር ይሰበሰባሉ፣ ፀሐይ ሲሞቅ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይሄዳሉ። በየቀኑ ሰማዩን እያየሁ የሚሄዱትን እቆጥራለሁ። የኛው እየሮጠ ክንፉን ይዘረጋል፣ ከአጥሩ ከፍ ይላል፣ መልሶ ይወድቃል። እናቴ በሜዳው የቀሩት አንድ መንጋ ብቻ ናቸው ብላ የመጣች ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ በእንቅብ አድርገን፣ አባባ ራሳቸው ተሸክመውት፣ ርብ ዳር ወረድን። ስንለቀው ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። እየተንጎማለለ ሄዶ ከመንጋው ተቀላቀለ። ከዚያ በኋላ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልሁም፤ ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ይንጎማለላል፣ እግራቸውን ደግሞ ሳሩ ሸፍኖታል። አምስት ሰዓት ገደማ ተነሡ። ሰማዩ በእነሱ ተሞላ። ጥቂቶቹ ግን አልተነሡም፤ ወንዙን ተከትለው ውኃ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ገቡ። የኛው ከሄዱት ይሁን ከቀሩት አላወቅሁም። እንባዬ ሁሉንም አደበላለቀብኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ቀርቷል፣ እናቱ ትጠብቀዋለች፣ እያልሁ ተንሰቀሰቅሁ።

አባባ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሽቅብ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ሄዷል» አሉ። «እግሩ ላይ ያለው ሲያብረቀርቅ አየሁት።»

ወዲያው አመንኋቸው። እንባዬን ጠራርጌ፣ ባዶውን እንቅብ ራሴ ላይ ደፍቼ፣ እስከ ቤት እየዘለልሁ ተመለስሁ።

ዓመታት አለፉ። ወረታ ገብቼ ተማርሁ፣ ከዚያም የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆንሁ፤ እሳቸው በመቃ የጻፉትን ያህል እኔም በማሽን መታሁ። አንድ ቀን አባባ ሊጠይቁኝ መጡና ጠረጴዛዬ ፊት፣ ሦስት እርምጃ ላይ ቆመው፣ «ጤና ይስጥልኝ እመቤት፣ ጸሐፊዋን ፈልጌ ነበር» አሉኝ። ሣቅሁ፣ ተነሥቼ እጃቸውን ሳምሁ። ወንበር እየሳብሁላቸው ሳለሁ ግን ሰማይ ላይ ያለውን ቀለበት እንዴት አዩት የሚል ጥያቄ መጣብኝ። አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም፤ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው። እናቴም ተከተለቻቸው።

ይህን ሁሉ ለደሳለኝ ስነግረው ልጆቹ መነጽሩን ትተው ከበውኝ ነበር። እሱም በተራው የማላውቀውን ነገረኝ። በሰሜን ያሉ ሰዎች ጫጩቱ ገና ከጎጆው ሳይወጣ ቀለበቱን ያስሩለታል፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ያገኘው ሰው ከጻፈላቸው የት እንደደረሰና በሕይወት መኖሩን ያውቃሉ። ካልጻፈላቸው ግን መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለው ባዶ ቦታ እንደተከፈተ ይኖራል። «ቁጥሩ ቢኖር ኖሮ ዛሬም ይጠየቅ ነበር» አለ። በሩቅ አገር የሚጠብቀው ሰው እንዳለው ያኔም አውቄ ነበር፤ የተሳሳትሁት በእናቱ ብቻ ነው።

ያን የብራና ቁራጭ ፈልጌው ነበር። አባባ ያረፉ ጊዜ መጻሕፍታቸውን አንድ በአንድ ገልጬ አጣሁት። አሁን ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ አንገቴ ላይ እንዳለ፣ ክታቤ ወፍሮ የተመለሰበት ቀን ታወሰኝ።

ስድሳ ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል። የእናቴን ትእዛዝ አንድም ቀን አልጣስሁም። አንዲት ተማሪ እርሳስ የምትቀርጽበትን ምላጭ ሰጠችኝ፤ ስፌቱን ራሴ መፍታት ስላልደፈርሁ እሷው ፈታችልኝ። ከውስጡ ሁለት ብራና ወጣ። አንደኛው የተወለድሁ ጊዜ የተጻፈው ነው፣ ላቤ አጥቁሮታል፤ እንደተጠቀለለ ተውሁት። ሁለተኛውን ዘረጋሁ። ፊደሉና ቁጥሩ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ደሳለኝ ገና ሲያየው አነበበውና እየጮኸ በስልኩ ፎቶ አነሣው፤ ልጆቹም አብረውት ጮኹ።

እኔ የማነበው ከቁጥሩ ሥር ያለውን ነበር። በደቃቅ የአባባ ፊደል፣ በግእዝ፣ አንድ መስመር።

ዕቀቦ ለዝንቱ ዖፍ፣ ወዕቀባ ለወለትየ።

ይህን ወፍ ጠብቀው፣ ልጄንም ጠብቃት። መስመሩ በጥቁር ቀለም ነው የተጻፈው፤ የመጨረሻዋ ቃል፣ ልጄ የምትለዋ፣ ብቻ ቀይ ናት።

ያ ማማ የለም። ሽምብራው የለም፤ ማሳው በዓመት ሁለት ጊዜ ሩዝ ይዘራበታል፣ ደንገሉ ተመንጥሮ ውኃው በሞተር ይሳባል። ሰማይ ይሞሉ የነበሩትን ሽመሎች እነዚህ ልጆች በጣታቸው ቆጥረው ጨረሷቸው። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቦይ የሚገቡ ሰውም የሉኝም። ልጄ ብለው እንዲጠሩኝ ልጅነቴን በሙሉ ስጠብቅ፣ ለካ ጠርተውኝ አንገቴ ላይ አስረውልኛል። የከተማው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መናፈሻ ውስጥ፣ በተማሪ ፊት፣ ሳላፍር አለቀስሁ።

ደሳለኝ ቀለበቱን ላሰሩት ሰዎች ቁጥሩን ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ስልኩን እያሳየኝ በቀስታ ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍላቸው? እዚሁ ቀረ ልበል ወይስ ሄደ?»

ብራናውን አጥፌ ወደ ቆዳው መለስሁት።

«ሲሄድ አባቴ አይተውታል፣ ብለህ ጻፍላቸው» አልሁት።